የጠራዡ ልጅና ሁለተኛው ፈተና

ምላሴ አያርፍም። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ ዐሥራ አራት ዓመት የተማሪ ስህተት ሳርም ኖሬ ከክፍል ውጭም ማረም ለምዶብኛል። በዚህ አመሌ ሁለት ጎረቤትና አንድ አማች ተቀይመውኛል። ሚስቴም «ሰው ሳይጠይቅህ አትመልስ» ብላ ብትመክረኝ፣ ብትመክረኝ፣ ሰልችቷት ትታኛለች። ይህን ታሪክ የማጫውታችሁ ያ አመሌ አንድ ጊዜ እንኳ ለበጎ ስለዋለ ነው።

መዝገበ ቃላቴ ጀርባው ተገንጥሎ ገጾቹ መርገፍ ጀመሩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስወጣ በብብቴ ሸጉጬው፣ ሰው ወደ ጠቆመኝ መጽሐፍ ጠራዥ ቤት ሄድኩ። መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት። በመስኮቱ ሥር ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ላዩ ላይ ወስፌ፣ የክር ጥቅል፣ የሙጫ ቆርቆሮ፣ የቆዳ ቁርጥራጭ። በጥግ በኩል መጽሐፍ የሚጫንበት የብረት መጭመቂያ ቆሟል። የጠራዡ ሚስት መሬት ላይ ተቀምጠው ወረቀት ያጥፋሉ። ጠራዡ ስልሳ ዓመት ግድም የሚሆናቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። ፊት ለፊታቸው አንዲት የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ቆማ እንግሊዝኛውን ታንበለብለዋለች።

«ይህን ማስጠረዝ ፈልጌ ነበር» አልኩ።

ጠራዡ ቀና ሳይሉ በወስፌያቸው ጫፍ ወደ በርጩማው ጠቆሙኝ። «ይቀመጡ። ልጄ ሰባተኛውን ትጨርስና።»

ልጅቱ የምትለው ስለ አንድ ጀልባ ቀዛፊ የሚያወራ ምንባብ ነው። አባትየው የተከፈተውን መጽሐፍ በወስፌው ጫፍ መስመር በመስመር ይከተላሉ። እንግሊዝኛ አይችሉም፤ ፊደሉንና ድምጹን ግን ለይተው ያውቃሉ። አንድ ቃል ሳተች። ወስፌው ጠረጴዛውን ጧ አደረገው።

«ከመጀመሪያው!»

ዐይኗን ጨፍና ከመጀመሪያው ጀመረች። መጨረሻው ላይ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ደግማ ሳተች። ጧ! «ከመጀመሪያው!» በሦስተኛው አንድም ሳትስት ስትወጣው ግንባሯ በላብ ርሷል። ጠራዡ ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ፤ ፊታቸው በራ።

«ሰሙልኝ? ዐሥራ ሁለት ምንባብ ነው። ዐሥራ ሁለቱንም እንዲሁ ነው የምትወርዳቸው። የሰዋስውን መጽሐፍ ደግሞ ከሽፋን እስከ ሽፋን።»

«ሰፈሩማ ካሴት ነው የሚላት» አሉ እናትየው ከመሬት። ሳቅ አልነበረበትም።

«ይበሏት! ካሴት አይረሳ፣ አይሳሳት» አሉ ጠራዡ። ከዚያ ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዘጠኝ ቀን ነው የቀራት። የአዋላጆች ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና። እንግሊዝኛውን ያለፈ ሌላው አያቅተውም ይላሉ። አምና ተፈትና አልሆነላትም፤ እዚያው አዳራሹ ውስጥ አሟት ነው። አንድን ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ አይፈትኑም። እንግዲህ ዘንድሮ ካልሆነ ሦስተኛ የለም፤ እዚህ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ወረቀት ታጥፋለች።»

ልጅቱ ወለሉን አየች። እናትየው እጃቸው ላይ ያለውን ወረቀት ሳያጥፉ ያዙት። እኔ ግን የሰው ፊት ማንበብ ላይ ሰነፍ ነኝ፤ አልፌው ሄድኩ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቃት ይፈቅዱልኛል? እኔም አስተማሪ ነኝ፤ የማስተምረውም እንግሊዝኛ ነው።»

«መምህር ነዎት? ታዲያ ቀድመው አይነግሩኝም! ይጠይቋት እንጂ፤ እንደ ልብዎ!»

«እህቴ» አልኳት፣ «ያ ቀዛፊ መሃል ወንዝ ከደረሰ በኋላ ለምንድን ነው የተመለሰው?»

ልጅቱ አየችኝ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ ምንባቡን ትወርደው ጀመር።

«እሱን አይደለም። በአማርኛ ንገሪኝ፤ ምን አይቶ ተመለሰ?»

ዐይኗን ጨፍና እንደገና ከመጀመሪያው ቃል ጀመረች። ቀዛፊው የተመለሰው ዳር ላይ የተረሳ ሕፃን አይቶ ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ተጽፏል፤ ይህችው ልጅ አሁን ሦስት ጊዜ ብላዋለች። በቅሎ አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች፤ የሷም መልስ እንደዚያው ሆነ። እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም።

«አባባ፣ አይቀየሙኝና፣ ልጅዎ አታነብም።»

ጠራዡ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምን አሉ?»

«ትናገራለች እንጂ አታነብም። ፈተናው ላይ የንባብ ጥያቄ ማለት ያልታየ ምንባብ ሰጥቶ ምን ተባለ፣ ለምን ተባለ፣ ከዚህ ምን እንረዳለን ብሎ መጠየቅ ነው። ሰዋስውም ቢሆን ሕጉን ድገሚ አይባልም፤ ሥሪበት ነው የሚባለው። እሷ የያዘችው ድምጹን ነው።»

«መምህር» አሉ በትህትና፣ ትህትናው ግን የሚያስፈራ ዓይነት ነው፣ «እኔን ፊደል ያስተማሩኝ ሰው ‹በቃልህ ያልያዝከው ያንተ አይደለም፣ የወረቀቱ ነው› ይሉኝ ነበር። ወረቀት ይቃጠላል፣ ይሰረቃል። በቃል የተያዘውን ማን ይወስደዋል? ደግሞ እኔ የዐሥራ ሁለት ዓመት ፈተና ከየሰዉ ለምኜ ሰብስቤ፣ በራሴ እጅ ጠርዤላታለሁ። ጥያቄው ከዚህ ወዴት ያመልጣል?»

«በዐሥራ ሁለቱ ዓመት ውስጥ አንድ ምንባብ ሁለት ጊዜ መጥቶ ያውቃል?»

ጥራዙን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። በቀይ ቆዳ የተለበጠ፣ ጠርዙ በወርቅ ቀለም የተሰመረ፣ በእውነት የሚያምር ጥራዝ ነው። አንድም የተደገመ አላገኙም።

«ያልተደገመው ለዘንድሮ ተቀምጦ ይሆናላ!»

መሳቅ አልነበረብኝም፤ ሳቅኩ። ጭራሽ ብሶብኝ ከኪሴ እርሳስ አውጥቼ የተረሳው ሕፃን ያለበትን መስመር ላሰምርላት ጎንበስ ስል፣ እጄን ጨምድደው ያዙኝ።

«በመጽሐፍ ላይ እርሳስ? በእኔ ቤት?»

«ለመሥሪያ እንጂ ለጌጥ አይደለም እኮ ይህ መጽሐፍ፣ አባባ! ልጅቷ ታስምርበት፣ ታክብበት፣ ትሳሳትበት! ከመጀመሪያው፣ ከመጀመሪያው እያሉ ስህተትን እንደ እባብ አስፈሯት።»

«ስማ!» አሉ። እርስዎ የሚለው ቀረ። «አንዲት ስፌት ላልታ ባገኝ መጽሐፉን ከመጀመሪያው እፈታዋለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ስሠራ ከዚህ ቤት የላላ ስፌት ይዞ የወጣ መጽሐፍ የለም። ልጄንም የማሳድጋት እንደዚያው ነው። አንተ መጽሐፍህን ልታስጠርዝ ነው የመጣኸው ወይስ ቤቴን ልትፈታ?»

«እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እርስዎ ደግሞ ምላጩን የሚያስውጡት ልጅዎን ነው! በዚህ አያያዝ ትወድቃለች!»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ልመልሰው ብመኝ የት ይመለሳል። ልጅቱ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ጠራዡ ተነሡ፤ ቁመታቸው ከእኔ አጭር ነው፣ ያን ጊዜ ግን ጣሪያውን የነኩ መሰለኝ። መዝገበ ቃላቴን አንስተው ደረቴ ላይ ለጠፉት።

«ውጣልኝ።»

«ተው እንጂ» አሉ እናትየው። ከመሬት ተነሥተው በመሃላችን ቆሙ። «ተው አንተ ሰውዬ። ይፈትናት። ነገ ማንም ያላየውን ምንባብ ይዞ ይምጣ። ካወቀችው ሁለተኛ በዚህ በር አያልፍም። ካላወቀችው ደግሞ አንተ ታደምጠዋለህ።»

ጠራዡ ሚስታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። በሠላሳ ዓመት ትዳር እንዲህ ተናግረዋቸው የሚያውቁ አይመስለኝም። «ነገ» አሉ በመጨረሻ። «በዚሁ ሰዓት።»

ሌሊቱን ደህና እንቅልፍ አልተኛሁም። የሰውን ልጅ በአባቷ ፊት «ትወድቃለች» ማለት ምን ማለት ነው? ሚስቴ ነገሩን ስነግራት «ይበልህ» አለችኝ፤ ልክ ናት። ቢሆንም አንዴ የገባሁበት ነገር ነው ብዬ በነጋታው፣ ስለ አንድ የውሃ ጉድጓድ ባለ አንድ ገጽ ምንባብና ዐሥር ጥያቄ በጽሕፈት መኪና ጽፌ ሄድኩ።

ጠረጴዛው ተጠርጎ ጠበቀኝ። ጠራዡ የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ፊታቸው አስቀምጠዋል።

«ስንት ደቂቃ?»

«ሠላሳ ይበቃታል። ፈተናው ላይም ለዚህን ያህል ጥያቄ ከዚህ በላይ አይሰጡም።»

ልጅቱ ወረቀቱን ተቀብላ ጎንበስ አለች። የመጀመሪያውን ጥያቄ በደህና መለሰች። ሁለተኛውንም። እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ ደነገጥኩ፤ ተሳስቼ ይሆን እንዴ አልኩ። ጠራዡም አይተዋል፣ ጢማቸው ውስጥ ፈገግታ ብልጭ አለች። ሦስተኛው ላይ ልጅቱ ቆመች። እርሳሷን አነሳች፣ መለሰች። ከዚያ ወደ ምንባቡ የመጀመሪያ መስመር ተመለሰች። ከንፈሯ እያንዳንዱን ቃል ያነሣል። አንብባ ወደ ጥያቄው መጣች፣ ቆመች፣ አሁንም ወደ መጀመሪያው መስመር። ዐሥር ደቂቃ ሄደ። ሃያ ሄደ። አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አራተኛው ጥያቄ ቀላል ነበር፤ ጉድጓዱ የት እንደሚገኝ ብቻ የሚጠይቅ። አላየችውም። በሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ወረቀቷ ላይ ሁለት መልስ ብቻ ነበር።

«አለቀ» አሉ ጠራዡ፤ ድምጻቸው ደርቋል። «ልጄ፣ ሌላው የታለ?»

«ሦስተኛውን አላወቅኩትም፣ አባዬ።»

«እሺ አላወቅሽውም። ወደ አራተኛው ለምን አልሄድሽም?»

ልጅቱ ጥያቄው እንግዳ ሆኖባት አየቻቸው። «ከመጀመሪያው ጀመርኩ።»

«ከመጀመሪያው ጀምሪ ያለሽ ማነው?»

ውጭ ጋሪ ሲያልፍ ተሰማ።

«አንተ ነሃ!» አሉ እናትየው። «ሌላ ማን ይላል በዚህ ቤት? በቀን ሃምሳ ጊዜ!» አሁን እንባቸው ወረደ። «አምናም አላመማትም። አሞኝ ነበር በይ ያልኳት እኔ ነኝ፤ እንዳትቆጣት ብዬ። ስልሳ ጥያቄ ነበር። ዐሥራ ዘጠነኛው ላይ አንዷን አላወቀቻትም። ከመጀመሪያው ጀመረች። ደግማ ጀመረች። ደወሉ ሲደወል ሌሎቹ አርባ አንድ ጥያቄዎች እንዳሉ ባዶ ቀሩ። ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ይዤው ኖርኩ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ልጄም በከንቱ ተወቀጠች።»

ሰው እንዲህ ሲደነግጥ አይቼ አላውቅም። ጠራዡ ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉና እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጣሉ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ለማለት ሞከርኩ። ብዙ አልቆየሁም፤ ይህን ጊዜ ግን ቀስ ብዬ ነው የተናገርኩት።

«አባባ፣ ስለ ሥራዎ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሃምሳ መጽሐፍ ለነገ ታዘዙ እንበል። ሦስተኛው ላይ ክሩ እየተበጠሰ አስቸገረዎ። ምን ያደርጋሉ?»

«ወደ ጎን አደርገዋለሁ።»

«ሌሎቹን?»

«እሰፋለኋ! አርባ ሰባት መጽሐፍ በአንዱ እልህ ላስቀር? ሲያልቁ ተመልሼ...» ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ። ልጃቸውን አዩ። «ሲያልቁ ተመልሼ እሠራዋለሁ» አሉ እንደ ሹክሹክታ።

«ፈተናው ሃምሳ መጽሐፍ ነው እንጂ አንድ መጽሐፍ አይደለም። የአንዱ መላላት ሌላውን አያላላውም።»

«በእርግጥ ይህ እኔን ጠፍቶኝ ነው?» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። እኒህ ሰው የሚቆጡ እንጂ ይቅርታ የሚጠይቁ አይመስሉም ነበር። «አምና የወደቅኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ። አንቺ ያልኩሽን ነው ያደረግሽው። ይቅር በይኝ።»

ልጅቱ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እናትየውም ያለቅሳሉ። እኔ መዝገበ ቃላቴን አቅፌ ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ። ጠራዡ ግን ሲከፋቸው ወዲያው ሥራ የሚፈልጉ ዓይነት ሰው ናቸው፤ ቢላቸውን አንስተው ያን ቀይ ጥራዝ በጀርባው በኩል ሰነጠቁት። ክሩ ጠሽ ጠሽ እያለ ተፈታ።

«አባዬ!» ብላ ጮኸች።

«መጽሐፍ መልሶ ይሰፋል» አሉ። «በይ እርሳስሽን አምጪ። መምህር፣ ስምንት ቀን ቀርቶናል። ምን እናድርግ?»

ምን እንዳደረግን ልንገራችሁ፤ ልጅ ያላችሁ ሰዎች ይህችን በተለይ ስሙኝ። በመጀመሪያ ጥያቄውን አስቀድማ አይታ፣ ምን እንደምትፈልግ አውቃ ወደ ምንባቡ እንድትገባ ነገርኳት። ምንባቡን አንድ ጊዜ ሳትቆም እስከ መጨረሻው ታነበዋለች፤ የማታውቀው ቃል ቢገጥማት ከፊትና ከኋላው ካሉት ቃላት ትገምተዋለች። አንዱ ጥያቄ እንቢ ካለ ከጎኑ ምልክት አድርጋ ታልፋለች። የተሳሳተችውን አታጠፋውም፤ በሌላ ደብተር ትገለብጠውና ለምን እንደተሳሳተች አጠገቡ በአንድ መስመር ትጽፋለች። ሰዋስውንም በየቀኑ ስለ ራሷ ሥራ ዐሥር ዐረፍተ ነገር እየጻፈች እንድትለማመደው ሆነ፤ ትናንት ስንት ወረቀት አጠፍኩ፣ ነገ ማንን እጠይቃለሁ፣ ዝናብ ባይዘንብ ኖሮ የት እሄድ ነበር እያለች።

ይህ ሁሉ የእኔ ነው። ከሁሉ የበለጠውን ግን ያመጡት ጠራዡ ናቸው።

«እኔስ ምን ልሥራ?» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን፤ ወስፌያቸውን መሳቢያ ውስጥ ዘግተውበት እጃቸው ሥራ ፈቷል።

«እርስዎ እንግሊዝኛ አይችሉም...»

«አልችልም። እንግዲያስ አንብባ በአማርኛ ትንገረኛ! እኔ ካልገባኝ እሷም አልገባትም ማለት ነው።»

በየትኛውም የማስተማር ዘዴ መጽሐፍ ይህን አላነበብኩም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ክፍሌ ውስጥ እሠራበታለሁ። ልጅቱ አንድ ምንባብ ታነባለች፣ መጽሐፉን ትከድናለች፣ ለአባቷ ታወራለች። ጠራዡ ደግሞ እየሰፉ ይሞግቷታል። «ቆይ፣ ይህ ነጋዴ ሱቁን የዘጋው ለምን ነበር? አልነገርሽኝም።» ትገልጥና ትፈልጋለች። «ወንድሙ ስለታመመ ነው።» «ወንድም አለው እንዴ? ቀድመሽ አትነግሪኝም! ታዲያ ምን ያለ ጅል ነው፣ ቁልፉን ለጎረቤት አይሰጥም?» «እሱ አልተጻፈም አባዬ።» «እንግዲያው ካልተጻፈ መልሱ እሱ አይደለም» ይላሉ፣ እንደ ትልቅ ፈታኝ። እናትየው ከመሬት ሆነው ይስቃሉ። አምስት ቀን እንዲህ ሆነ፤ ልጅቱ ከዐሥር ጥያቄ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት እያለች ወጣች።

ሁለት ቀን ሲቀር ነገሩ ሊበላሽ ነበር። ሙሉ ስልሳ ጥያቄ አዘጋጅቼ በሁለት ሰዓት እንድትሠራ አስቀመጥኳት። ዐሥራ ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ቁጥሩን አይታ ነው መሰለኝ ፊቷ ነጣ። እርሳሷ ቆመ። ዐይኗ ወደ መጀመሪያው መስመር ሄደ። አንድ ጊዜ። ሁለተኛ። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት እናትየው እጃቸውን አፌ ላይ ሊጭኑ ምንም አልቀራቸውም። ጠራዡ ከወንበራቸው ተነሡ። አፋቸው ተከፈተ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት የኖረባቸው ያ ቃል ጥርሳቸው ጋ እንደ ደረሰ አየሁት። ዋጡት። ሄደው ከአጠገቧ ቁጭ አሉ።

«ወደ ጎን አድርጊው፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ክሩ ይበጠስ። ሌላው ይጠብቅሻል።»

ልጅቱ ረጅም ትንፋሽ ወሰደች። ከዐሥራ ዘጠኝ አጠገብ ምልክት አደረገች። ወደ ሃያ ሄደች።

የፈተናው ቀን ጠዋት ከአዳራሹ በር ውጭ ወላጅ ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጠራዡ ማታውን የታጠበ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። እኔም ክፍሌን ለሌላ መምህር ለምኜ ነው የመጣሁት። ሁለቱ ሰዓት ሳይሞላ አንዳንዱ ተማሪ እየሳቀ ወጣ። «ቀላል ናት!» ይላል አንዱ። የጠራዡ ሰፈር ፀጉር አስተካካይ ልጁ ቶሎ ስለ ወጣለት ደረቱን ነፍቶ፣ «የእርስዎ ካሴትስ? ክሯ ተጠመጠመ እንዴ?» አላቸው ጠራዡን። እሳቸው ዐይናቸውን ከበሩ አልነቀሉም። ደወሉ ተደወለ። ሁሉም ወጣ። እሷ የለችም።

«አምናም የመጨረሻዋ እሷ ነበረች» አሉ። ክንዴን ይዘው ጨመቁኝ፤ ያን ቀን የጨመቁኝ ለሳምንት አሞኛል። «ፈርቼያለሁ መምህር። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።»

በመጨረሻ ብቅ አለች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ከሩቅ አይለይም። ጠራዡ ክንዴን ለቀው ወደ እሷ ሮጡ።

«አባዬ» አለች፣ «ሃያ ሦስተኛውን አላወቅኩትም።»

«ታዲያ?»

«ዘለልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ሰባት ጥያቄ ዘለልኩ። ስልሳኛው ድረስ ሄድኩ። ከዚያ ተመልሼ አምስቱን ሠራሁ። ሁለቱ እንቢ አሉኝ፤ እነሱን ገምቼ አጠቆርኩ። የዘገየሁት ወረቀቴን ሳይቀሙኝ ላለመነሣት ነው።»

ጠራዡ አቅፈዋት መሬት አስለቀቋት። «ዘለለች!» ይላሉ ለሰዉ ሁሉ፣ «ሰባት ዘለለች!» ሰዉ እንደ እብድ አያቸው። የማያውቅ ሰው ልጁ ጥያቄ ስለ ዘለለች እልል የሚል አባት ቢያይ ምን ይበል?

በሦስተኛው ሳምንት ውጤት ተለጠፈ። ስሟ ከተቀበሏቸው መሃል አለ፤ ጠራዡ በራሳቸው ዐይን ካላየሁ ብለው ሄደው፣ በጣታቸው ነክተው አረጋገጡ። ስንመለስ ፀጉር አስተካካዩ ሱቁ በር ላይ ቆሟል። የእሱ ልጅ አላለፈም። ሲያየን ማሾፉን ትቶ፣ እንዲያውም አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ» አለ፣ «የእርስዎ ልጅ አምና ወድቃ ነበር። ዘንድሮ ምን አደረጉላት? የእኔም አንድ ጊዜ ቀርቶታል።»

ጠራዡ ቆሙ። ይኮራሉ ብዬ ነበር። አልኮሩም።

«ልጄን መሳሳት ፈቀድኩላት» አሉ። «ሌላ ምንም አላደረግኩም። መጽሐፉን በቃሉ አታስይዘው። አንብቦ ለአንተ ይንገርህ፤ ካልገባህ አልገባኝም በለው፣ ይፈልግልሃል፣ ሲፈልግ ይገባዋል። በመጽሐፉ ላይ ይጻፍበት፤ ወረቀት ለዚህ ነው የተሠራው። ሲስት አትጩህበት፣ ለምን ሳትክ ብለህ ጠይቀው። የማይችለውን አልፎ የሚችለውን ይሥራ። ዐሥራ ሁለት ምንባብ በቃሏ ስትይዝ አንድ ቀን ፈገግ ብላ አላየኋትም ነበር። በእነዚያ ስምንት ቀናት ግን እያነበበች ስትስቅ ሰማኋት። ሰው የገባውን ነገር አይረሳውም፤ ያልገባውን ግን ቢያስታውሰውም አይረባውም። ነገ ለምታዋልዳት ሴት በቃሏ የያዘችውን ልታንበለብልላት ነው? ሴትየዋን አይታ፣ ምን እንደሆነች ገብቷት እንጂ!»

«መምህሩ ናቸው ያስተማሯት?» አለ ፀጉር አስተካካዩ ወደ እኔ እያየ።

ይህን ጊዜ አፌ ሊከፈት ነበር። ጠራዡ ቀደሙኝ።

«እሱ አስተማራት» አሉ፤ አንተ ማለታቸው ከዚያ ከተጣላን ቀን ጀምሮ አልቀረም፣ አሁን ግን እንደ ልጃቸው ነው። «አምና ግን እኔ ነኝ የጣልኳት። የልጄ አንድ ዓመት በእኔ እጅ ጠፋ። ይህን ለአንተም፣ ለሚጠይቀኝ ሁሉም እናገራለሁ፤ አላፍርም። ልጅህን ነገ ይዘኸው ና።»